«አባዬ የዶክመንተሪውን 10ኛ ክፍል ብቻ ነው የሚያስደግመኝ»

ደብዳቤው

ሰላም እትዬ፣

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። 33 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የአንድ የ9 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። እናቴ ካረፈች በኋላ አባዬ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ከአዲስ አበባ አመጣሁት። 3 ዓመት አለፈው። መጀመሪያ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር። ጉልበቱን ሲያመው ተወው። አሁን ቤት ነው የሚውለው።

አባዬ ወታደር ነበር። በ1976 ዓ.ም. በአፈሳ ነው የተወሰደው። 7 ዓመት ኤርትራ ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከከረን ተነስተው በእግር ሱዳን፣ ከሰላ ገብተዋል። ይህን የነገረችኝ አክስቴ ናት። እሱ አንድም ቀን አውርቶን አያውቅም።

በዚህ ብርድ ወቅት ከባለቤቴ ጋር ስለ ቬትናም ጦርነት የተሠራውን ተከታታይ ዶክመንተሪ ማየት ጀመርን። አባዬም ሶፋው ጥግ ላይ ሆኖ ያያል። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባውም። አንዳንዴ የሄሊኮፕተር ድምፅ ሲበዛ ተነስቶ ክፍሉ ይገባል፤ ግን ይመለሳል። እኛ ጨረስነው። እሱ ግን አልጨረሰም። በየማታው «ያችን የመጨረሻዋን ክፈቺልኝ» ይላል። 10ኛውን ክፍል ብቻ። ከዚያ ሌሊቱን አይተኛም። መብራት አያጠፋም። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው የሰው ስም ይጠራል። እኛ የማናውቃቸው ስሞች ናቸው።

ወንድሜ ከዳላስ እየደወለ «ቴሌቪዥኑን ዝጊበት፤ አሮጌ ቁስል ምን ያስነካካሻል?» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ራት ላይ ልጄ «አባባ፣ ሰው ገድለህ ታውቃለህ?» አለው። አባዬ ምንም አልመለሰም። ምግቡን ትቶ ተነሳ። እኔ ልጄ ላይ ጮህኩበት። ከዚያ ማታ ወዲህ ቤታችን ጭር ብሏል።

ልዝጋበት? ወይስ ልጠይቀው? ብጠይቀውስ ምን ብዬ?

የአባቷ ልጅ

መልስ

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «10ኛውን ክፍል ብቻ» ያልሽው ላይ። ልዝጋ ወይስ አልዝጋ ያልሽው ትንሽ ይቆየንና መጀመሪያ እሱን እንይ። አባትሽ አፋቸውን ሳይከፍቱ አንድ ነገር እየነገሩሽ ነው ብዬ አምናለሁ።

ተከታታዩን እኔም አይቼዋለሁ። ኬን በርንስና ሊን ኖቪክ የሠሩት ነው። 10 ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 በፒ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን ሲቀርብ 10 ክፍል ነበረው፤ በጠቅላላው 18 ሰዓት። ወደ 80 የሚጠጉ ሰዎች ይናገሩበታል። ስማቸው በየዜናው የሚጠራውን ትልልቅ ፖለቲከኞች ሆን ብለው ቃለ መጠይቅ አላደረጉላቸውም። የሚያወሩት በአብዛኛው ተራ ወታደሮች፣ እናቶች፣ እህቶች፣ ጦርነቱን የተቃወሙ ወጣቶች ናቸው። ከአሜሪካውያኑ ሌላ የሰሜንም የደቡብም ቬትናም ሰዎች አሉበት።

የቬትናም ጦርነት ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው አሜሪካዊው ወታደር ነው። ሄሊኮፕተሩ፣ ጫካው፣ የዘመኑ ዘፈን። የቀሩት 9 ክፍሎች በአብዛኛው በዚህ የተሞሉ ናቸው። አባትሽ ግን እነሱን ዳግመኛ አልጠየቁም። በ10ኛው ክፍል የአሜሪካ ጦር ተጠቃልሎ ወጥቷል። የቀረው የአገሬው ሰው እርስ በርሱ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የደቡብ ቬትናም ሠራዊት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይፈርሳል። ወታደሩና ሕዝቡ ተደባልቆ በአንድ መንገድ ይሸሻል። ኤፕሪል 30 ቀን የሰሜን ቬትናም ታንኮች የደቡቡ ዋና ከተማ ሳይጎን ይገባሉ። የተሸነፉት ወታደሮች የደንብ ልብሳቸውን ያወልቃሉ። ጫማቸውን ያወልቃሉ። መንገዱ ላይ ባለቤት የሌለው የወታደር ጫማ ተበትኖ ይቀራል።

ይህን ለመረዳት እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

አባትሽ የአሜሪካኖቹን ጦርነት እያዩ አይመስለኝም። የሚያዩት የፈረሰ ሠራዊት ነው። በግንቦት 1983 የእኛም እንዲሁ ፈርሷል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር በአንድ ጊዜ ከሰው ተራ ወጣ። ማዕረጉ ጠፋ። አዛዡ ጠፋ። ጡረታው ጠፋ። ያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የተቀዳደደ የደንብ ልብስ ለብሰው የሚለምኑ ጎረምሶች ትዝ ይሉኛል። «የደርግ ወታደር» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ነበር። ከመካከላቸው ስንቱ እንደ አባትሽ ከመንገድ ላይ ታፍሶ የሄደ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ሁለቱ ጦርነቶች አንድ ናቸው እያልኩሽ አይደለም። አገሩም ምክንያቱም ይለያያል። ብዙ የደቡብ ቬትናም መኮንኖች ከሽንፈቱ በኋላ «የተሃድሶ ካምፕ» ተብሎ በተጠራው እስር ቤት ውስጥ ዓመታት አሳልፈዋል፤ አንዳንዱ ከ10 ዓመት በላይ። የእኛዎቹ ታሪክ ሌላ ነው። ግን ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የትም አገር ያው ነው። ሲያሸንፍ የሚዘፈንለት ነበር። አሁን አይዞህ የሚለው እንኳ የለም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ይህ ዶክመንተሪ ብዙ ቢመሰገንም ወቀሳ አላጣም። አሜሪካ የሚኖሩ የደቡብ ቬትናም ስደተኞች «የእኛ ወታደሮች ድምፅ አነሰ» ብለው ቅር ተሰኝተዋል። እውነት አላቸው ብዬ አስባለሁ። የተሸነፈ ወታደር 18 ሰዓት በሚፈጅ ሥራ ውስጥ እንኳ ቦታው ጠባብ ነው። የእኛንም ተመልከቺ። የመኮንኖቹን ትዝታ በመጽሐፍ አንብበናል። ተራው ወታደር ግን፣ በአፈሳ የሄደው፣ ከከረን ከሰላ በእግሩ የተጓዘው፣ የት ተቀምጦ ያወራል? አባትሽ ራሳቸውን ያገኙት በሌላ ሰው ፊልም፣ በማይገባቸው ቋንቋ፣ በመጨረሻው ክፍል ውስጥ ነው። ለዚህ ነው የሚያስደግሙሽ።

አሁን ስለ ራሴ ቤት ልንገርሽ። ይህን ደብዳቤ ሳነብ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ወታደር ነበር። ጋሼ ነበር የምንለው። በ1983 ክረምት ላይ ከስቶ፣ ጠቁሮ መጣ። የሚተኛው በሩ ሥር ነበር፤ ጫማውን ሳያወልቅ። ሌሊት ተነስቶ እኛን ልጆቹን ይቆጥረን ነበር። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ እግራችንን ይነካል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ ተመልሶ ይተኛል። እኛ እንስቅበት ነበር። የሰፈሩ ሰው ነካ አድርጎታል ይል ነበር።

አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ላይ ደርሰናል። ጋሼ ሲኒውን አስቀመጠና «ውሃ ጥሙ ነው እንጂ...» ብሎ ጀመረ። ሁላችንም ዝም አልን። አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ጨመረ፤ አብሮት ስለሚሄድ ልጅ። ያኔ አንዷ ዘመዳችን «ኧረ ተወው ይሄን ጉድ! እግዜር አወጣህ አይደል? ቡናህን ጠጣ» አለችው። ክፋት አልነበራትም። ልታጽናናው ነው። ጋሼ ሲኒውን አነሳና ጠጣ። ከዚያ በኋላ 12 ዓመት ኖሯል። አንድም ቀን ደግሞ አልጀመረም። ያ ልጅ ማን እንደነበር፣ የት እንደቀረ ሳናውቅ ጋሼን ቀበርነው።

ስለዚህ ወንድምሽን ስሰማው ያቺ ዘመዳችን ናት የምትታየኝ። እሱም ክፋት የለውም። አባቱን ስለሚወድ ነው የሚደውለው። ግን «አሮጌ ቁስል» ሲል ተሳስቷል። አሮጌ ቢሆን ኖሮ አባትሽ ሌሊት ስም አይጠሩም ነበር። የኛ ሰው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል። ፊልሙ ቁስሉን አላመጣውም፤ የነበረውን አሳየሽ። ሥራ ላይ እያሉ ድካሙ ያስተኛቸው ነበር። ሥራው ሲቀር፣ እናትሽም ስትሄድ፣ ዝምታውን የሚሞላ ነገር ጠፋ። ብዙ አሮጌ ወታደሮች ላይ ጡረታ ሲወጡ እንዲህ ያለው ይብሳል።

ወንድምሽ በግማሹ ግን ልክ ነው። ማታ ማየታቸው መቆም አለበት። ይህን ነገ ጀምሪ።

ዝጊበት ግን አላልኩሽም። ከከለከልሻቸው የሚሰሙት «አትናገር» ተብለው ነው። ያን ደግሞ 34 ዓመት ሰምተውታል። ጊዜውንና የምታዩበትን መንገድ ቀይሪው። ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፤ ከቁርስ በኋላ፣ መጋረጃው ተከፍቶ። በሳምንት አንዴ ይበቃል። አብረሻቸው ተቀመጪ፤ ስልክሽን ሌላ ክፍል ተይው። ሪሞቱን በእጃቸው ስጫቸው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ጦርነት ላይ የነበረ ሰው የሚሆነውን ማስቆም አይችልም ነበር። አሁን በአንድ ጣት ማስቆም ይችላል። ድምፁ ሲበዛባቸው ቀንሺው። ተነስተው ከሄዱ አትከተያቸው፤ በሩን ክፍት ተይላቸው። ሲመለሱ «ምነው?» አትበያቸው።

ከስር የሚጻፈውንም ተርጉሚላቸው። ቬትናማውያኑ ሲናገሩ አባትሽ ፊታቸውን ያነባሉ፤ ቃሉን ግን አያገኙትም። ባኦ ኒን የሚባል የሰሜን ቬትናም ወታደር የነበረ ደራሲ አለ። ከጦርነቱ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ እንዴት እንደሆነ ይናገራል። እናቱ ደስታዋን ጮክ ብላ መግለጥ አልቻለችም። ልጆቻቸው ያልተመለሱ ጎረቤቶች ነበሩ። እሱ አሸናፊው ወገን ነው እኮ። ይህን በአማርኛ ንገሪያቸው። ሳታሳጥሪ፣ ሳታለሰልሺ። የአባትሽም እናት ልጃቸው ከከሰላ ሲመለስ እልል ማለት ፈርተው ይሆናል። ካሰብሽው፣ በዚያ ሰፈር ያልተመለሰ ስንት ልጅ ነበር?

ስለ መብራቱ ደግሞ አትጨነቂ። ጆን መስግሬቭን ታስታውሺዋለሽ? ገና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደወጣ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር (ማሪን) የገባው፣ ቬትናም ውስጥ ኮን ቲየን በሚባል ቦታ ክፉኛ የቆሰለው። ጨለማ እስከ ዛሬ እንደሚፈራ፣ የሚተኛውም መብራት አብርቶ እንደሆነ በካሜራ ፊት ይናገራል። ልጆቹ አባታቸው ጦርነት ላይ እንደነበረ ያወቁት በዚያች መብራት ነው። «እኛ አድጋችኋል ተብሎ መብራት ሲነሳብን አባዬ ለምን ያበራል?» ብለው ጠየቁ። እኔ ይህን ስሰማ አለቀስኩ። ጋሼን በዚያች በር ሥር ሳስበው አለቀስኩ። ያ የጦር ሰው፣ ባሕር ወለድ፣ በአገር ሁሉ ፊት ጨለማ እፈራለሁ አለ። አባትሽን በዚህ በኩል ልታስገቢያቸው ትችያለሽ። «ይሄ ሰውዬ መብራት አብርቶ ነው የሚተኛው» በያቸው። ሌላ ምንም አትጨምሪ።

ካርል ማርላንቴስ የሚባለውም አለ፤ የባሕር ወለድ መኮንን የነበረ። እሱና ባለቤቱ ከአንድ ባልና ሚስት ጋር 12 ዓመት ጓደኛ ሆነው ኖረዋል። ሁለቱም ባሎች ቬትናም መዝመታቸው የታወቀው ከዚያ በኋላ ሚስቶቹ ሲያወሩ ነው። ወንዶቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ እየበሉ ተደባበቁ። ስለዚህ የአባትሽ ዝምታ የሐበሻ ኩራት ብቻ አይደለም። እዚህ አሜሪካም ስለ ቬትናም የነበረው ዝምታ ዓመታት ወስዷል። የጦርነት ጭንቀት፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. የሚባለው፣ በሐኪሞች መዝገብ ስም ያገኘው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ያንን ስም ካስገኙት ዋነኞቹ ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮችና አብረዋቸው የታገሉ ሐኪሞች ናቸው። ከዚያ በፊት ሰካራም፣ ሰነፍ፣ ነካ ያደረገው እየተባሉ ነበር። እንደ ጋሼ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ምን ብለሽ ትጠይቂያቸው?

ገድለህ ታውቃለህ ወይ የሚለውን ተይው። ለዘላለም አትጠይቂ አላልኩም። ግን መግቢያ በር አይሆንም። ያ ጥያቄ ሰውን ፍርድ ቤት ያቆመዋል፤ ገደልኩ ቢልም አልገደልኩም ቢልም ይጎዳዋል። ሌላ በር አለሽ። ሌሊት የሚጠሯቸው ስሞች። አንዱን ስም በደንብ ስሚው፣ ያዢው። በሌላ ቀን፣ ቀን ላይ፣ ሥራ እየሠራሽ፣ ሽንኩርት እየከተፍሽ፣ ፊታቸውን ሳታዪ «አባዬ፣ እገሌ ማነው?» በያቸው። ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይን ለዓይን መጠየቅ ይከብዳል። መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ሆኖ ይቀላል። የሚበሉትን ጠይቂ። የት ይተኙ እንደነበር። ደብዳቤ ይደርሳቸው እንደሆነ። ማን ያስቃቸው እንደነበር። ወታደር ስለ ጓደኛው ለማውራት ከሌላው ሁሉ በፊት ዝግጁ ነው።

ሲጀምሩ ደግሞ አደራ። ቡና ለማፍላት አትነሺ። «አይዞህ፣ አለፈ» አትበዪ። «ያንተ ጥፋት አይደለም» ብለሽም አትቅደሚ፤ ገና ምን እንደሚሉ አታውቂም። ካለቀሱ ይልቀሱ። ዝም ካሉ ዝም በዪ። ሁለት ደቂቃ ዝም ማለት ረጅም ነው፤ ሞክሪው። ምናልባት መስማት የማትፈልጊውን ትሰሚ ይሆናል። ያ ጦርነት የሁለት ወገን ልጆች የተገደሉበት ነው። መንደሮችም ተቃጥለዋል። አባትሽ የተደረገባቸውን ብቻ ሳይሆን ያደረጉትን ቢነግሩሽ ፊትሽን እንዳታዞሪ ከአሁኑ ልብሽን አዘጋጂ። ያን ለመስማት አቅም ከሌለሽም ነውር የለውም። «አባዬ፣ ዛሬ እዚህ ላይ እናቁም፤ ነገ እመጣለሁ» በዪና በእርግጥም ነገ ነዪ።

አንቺ ብቻሽን ግን አትሸከሚውም። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ካለፈው ሐኪም ማየት አለባቸው። ጭንቀት ነው ብለሽ ሳይሆን «እንቅልፍህ ይታይ» ብለሽ ውሰጃቸው፤ እምቢ አይሉም። እዚያ ስትደርሱ አታስተርጉሚላቸው። ይህን በትልቁ አስምሪበት። አባት በልጁ አፍ ጦርነቱን ለሐኪም አይናገርም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ስትይዢ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። አንቺ ውጭ ጠብቂ። ለአሜሪካ ሠራዊት አባላት የተቋቋመው የሕክምና አገልግሎት ለአባትሽ አይሆንም፤ የዚህን አገር ሠራዊት አላገለገሉምና እዚያ በመመላለስ አትድከሚ። መኖር ሰልችቶኛል የሚል ቃል ከአፋቸው ከወጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። 988 ደውዪ፤ ለእንዲህ ያለ ጭንቅ የተዘጋጀ የእርዳታ መስመር ነው። ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችያለሽ። እንዲህ ያለውን ቃል እንደ ቀልድ አትለፊው።

የንስሐ አባት ካላቸው እሳቸውም ይወቁ። ለአንዳንድ ወታደር የሚከብደው ፍርሃቱ አይደለም፤ ኃጢአቱ ነው። ያን ሐኪም አያነሳውም። ሁለቱን ሳታጋጪ ጎን ለጎን አስኪጃቸው። ቄሱ መድኃኒቱን አቁም ካሏቸው ግን እዚያ ላይ ጠንክሪ።

ልጅሽስ? አንጀቴን የበላኝ እሱ ነው። የ9 ዓመት ልጅ የሚጠይቀውን ነው የጠየቀው። ለነገሩ እናንተ ሁላችሁ ልትጠይቁ የፈራችሁትን ጠየቀ። «ጮኼብህ ነበር፣ ይቅርታ» በዪው። «አባባ ብዙ ጓደኞቹን ያጣበት ጊዜ ነው። ሲፈልግ ይነግርሃል። አንተ አብረኸው ሁን» በዪው። እሱ ግን ያን ዶክመንተሪ ማየት የለበትም። የሳይጎኑ አደባባይ ግድያ፣ በናፓልም የተቃጠሉት ሕፃናት፣ እነዚያ ምስሎች ለልጅ አይደሉም። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤትሽ ወደ ሜዳ ይውሰደው። ከአያቱ ጋር የሚሆንበት ሌላ ነገር ስጫቸው። አባትሽ 7 ዓመት ሜዳ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳት ያለ ክብሪት ማያያዝ፣ በኮከብ አቅጣጫ ማወቅ፣ ዝናብ መቼ እንደሚመጣ ማሽተት ያውቁ ይሆናል። ልጁ አያቱን ከገዳይነት ሌላ በሆነ ነገር ይወቃቸው።

አንድ ሐሳብ ልጨምር፤ የግድ አይደለም። ከእናንተ ብዙም ሳይርቅ፣ ፎልስ ቸርች፣ ኤደን ሴንተር የሚባል የቬትናማውያን የገበያ ማዕከል አለ። የኛ ሰው ፎ የሚባለውን የቬትናም ሾርባ ለመብላት በደንብ ያውቀዋል። መግቢያው ላይ ከአሜሪካ ባንዲራ ጎን ቢጫ መደብ ላይ ሦስት ቀይ መስመር ያለው የደቡብ ቬትናም ባንዲራ ይውለበለባል። አገሩ ከፈረሰ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ባንዲራው ግን እዚያ አለ። በየዓመቱ በኤፕሪል መጨረሻ ሳይጎን የወደቀችበትን ቀን ያስቡበታል። አዛውንቶቹ ቡና እየጠጡ ያወራሉ። አባትሽን አንድ ቀን ለምሳ ውሰጃቸውና ባንዲራው የማን እንደሆነ ንገሪያቸው። በዚያ ፊልም ላይ ጫማቸውን ያወለቁት ሰዎች ዛሬ ጫማ አድርገው፣ ልጅ ልጅ አይተው፣ ቁጭ ብለው ሲስቁ ይዩአቸው። ቬትናም ላይ ለሞቱት አሜሪካውያን መታሰቢያ ለተሠራው ጥቁር የዋሽንግተን ግድግዳ አትቸኩዪ። እሱም መልካም ነው፤ ከ58,000 በላይ ስም ተጽፎበታል፤ ሰው ደብዳቤም የወታደር ጫማም ሥሩ አስቀምጦ ይሄዳል። ግን አባትሽ ሌሊት የሚጠሯቸው ስሞች እዚያ የሉም። ያ እንዳይከፋቸው እፈራለሁ። ስሞቹን መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ከፈቀዱ በአንድ ደብተር፣ በአንቺ እጅ ጻፊላቸው።

ለወንድምሽም ደውዪለት። አባዬን ዶክተር ጋ ልወስደው ነው፣ ማታ ማየቱንም አስቁሜአለሁ በዪው። ግማሹን ልክ ነበርክ በዪው። ከዚያ አውሮፕላን ተሳፍሮ አንዱን ቅዳሜ ይምጣና አብሯችሁ ይቀመጥ። ከዳላስ ሆኖ ዝጊ ማለት ይቀላል።

በዚህ ቅዳሜ እንዲህ አድርጊ። ከ1ኛው ክፍል አትጀምሪ። የሚወዷትን ክፈቺላቸው፣ የመጨረሻዋን። ሪሞቱ በእጃቸው ይሁን። መንገዱ ላይ የተበተኑት ጫማዎች ሲመጡ እንዲያቆሙት ለምኛቸው። ፊታቸውን ሳይሆን ቴሌቪዥኑን እያየሽ፣ በለሆሳስ፣

«አባዬ፣ አንተስ ጫማህን የት ነው ያወለቅከው?» በያቸው።